ጠበል ያዳነው ሰው

«ጠበሉ ነው» አለች ዘነበች። ሌላ ምን ትበል?

ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ከሚካኤል ደጃፍ ሲወጣ ባሏን ይርጋን ከበውት ነበር። ባለፈው ወር በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጠበሉ ገደል ያወረዱት እነሱው ናቸው። ያን ጊዜ እግሩ እንደ ግንድ አብጦ፣ ሆዱ ተወጥሮ፣ ትንፋሹ ጉሮሮው ላይ ቆሞ ነበር፤ ብዙዎቹም በልባቸው ተሰናብተውት ነው የተመለሱት። አሁን እነሆ በገዛ እግሩ መጥቶ፣ አስቀድሶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ቆሟል። ሴቶቹ እልል አሉ። የደብሩ ቄስ አባ ገብረመድኅን መስቀላቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። «ዘነበች ልጄ፣ የሊቀ መላእክትን ሥራ ለሕዝቡ ንገሪ እንጂ፤ ምን አዳነው?» ሲሏት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ያችን ቃል ተናገረች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሴትዮዋ ቃሏ ወዴት ይዟት እንደሚወርድ በዚያ ሰዓት አላወቀችም። ያሻለው ጠበሉ አልነበረም፤ ይርጋም ገና አልዳነም።

ይርጋ ከጉና ሥር ባሉ አጥቢያዎች ሁሉ በጉልበቱ የታወቀ ሰው ነበር። ቤት ሲሠራ ማገሩን የሚያነሣ፣ ሰው ሲታመም የቃሬዛውን ከባድ ጫፍ የሚይዝ እሱ ነው። በልጅነቱ አንድ ክረምት ጉሮሮውን አሞት፣ ከዚያም ጉልበቱና ክርኑ አብጦ ብዙ ተኝቶ ነበር። ተነሣ፣ ተረሳም።

ጣሊያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ከደብረ ታቦር ወደ ይፋግ የሚወርደውን መንገድ ሊያሠራ ከየአጥቢያው ሰው በግድ ሲሰበስብ ይርጋም ተያዘ። ሥራው ድንጋይ ከገደል ሥር በጫንቃ ማውጣት ነበር። ሌላው ለሁለት የሚያነሣውን ይርጋ ብቻውን ያነሣል። ይህን ያየው ካቦ፣ የሥራው አለቃ ማለት ነው፣ ሌላውን እየተወ እሱን ይጭነው ጀመር። የጉልበተኛ ዕጣ ይኸው ነው፤ ሰው የሚጭነው የቻለውን ነው። ይርጋም እንዲህ ተጭኖ ከረመ። ከዚያ ትንፋሹ ያጥረው ጀመር፣ ጋደም ሲል የሚታነቅ መሰለው፣ እግሩ አበጠ። አንድ ቀን ድንጋዩን እንደታቀፈ ወደቀ። ካቦውም የወደቀ በሬ አይጠመድም ብሎ ወደ ቤቱ ሰደደው።

ዘነበች የአገሩን ሥርዓት ሁሉ ሞከረች። የመድኃኒት ሥር ቀቅላ አጠጣችው፣ ተሳለችለት፣ አስጸለየችለት። በመጨረሻ መንደርተኛው ተሸክሞ ከገደሉ ሥር ካለው ጠበል አደረሳቸው። አንዲት ጎጆ ውስጥ አስገብቶ፣ በቅሏቸውን ትቶላቸው ወጣ። ወሩ የአጨዳ ወር ስለሆነ ሌላ ጠበልተኛ አልነበረም። ሌት ተቀን አስጠመቀችው፤ እሱ ግን የባሰ አበጠ። አንድ ጠዋት ከንፈሩ ጠቁሮ ስታየው ትዕግሥቷ አለቀ። በቅሎዋ ላይ አውጥታ፣ ፊቱን በጋቢ ሸፍና፣ ወንዝ ለወንዝ ደብረ ታቦር ጣሊያን ምሽግ አጠገብ ካለው ሐኪም ቤት አገባችው።

ይህ ቀልድ አልነበረም። ጉናን የያዙት አርበኞች ጣሊያን ሐኪም ቤት የገባን ሰው «ምን ነግሮ ታከመ?» ይሉታል። ባለፈው በጋ ፈንታሁን የሚባል የእብናት ነጋዴ የመንጋጋ ጥርስ ቢጠዘጥዘው ምሽግ ገብቶ አስነቀለ። ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ገደሉት። ለአንዲት ጥርስ!

ሐኪሙ ገና ወጣት ነበር። ደረቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ የጆሮ ቧንቧውን አስጠግቶ ብዙ አዳመጠ፣ ራሱንም ነቀነቀ። አስተርጓሚው የሚለውን ሁሉ ለዘነበች ነገራት።

«ከልቡ ደም የሚወጣበት በር ጠቧል። በልጅነቱ ባመመው ሕመም ሳይጎዳ አልቀረም ነው የሚለው። ልቡ በዚያ ጠባብ በር ደሙን ለማስወጣት ዕድሜውን ሙሉ ሲገፋ ነው የኖረ። ሲገፋ ሲገፋ ሥጋው ወፈረ። ድንጋዩ ሲጨመርበት ደግሞ ሰፋና ላላ።»

«መወፈሩማ ደግ አይደለም ወይ?» አለች ዘነበች። «ክንድም እኮ ሲሠራ ነው የሚጠነክር።»

አስተርጓሚው ይህን ሲነግረው ሐኪሙ ፈገግ ሳይል መለሰ። «ክንድ ማታ ያርፋል፤ ልብ መቼ ያርፋል? ነው የሚልሽ።»

የዛሬ ሐኪም ቢሆን ከዚህ አብልጦ ያስረዳት ነበር። በልብ ሥጋ ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ሠራተኞች አሉ። ጭነት ሲበዛና ሥጋው ሲወጠር አንዳንዶቹ «ግድግዳው ይወፍር» የሚለውን ትእዛዝ ከአንዱ ወደ አንዱ ያቀብላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሥጋውን ከሥጋው ጋር ያያያዘውን መረብ እየቆረጡ ለአዲሱ ቦታ ያስለቅቃሉ። ጭነቱ ቶሎ ከወረደ ነገሩ በደግ ያልቃል፤ የተቆረጠው ይጠገናል። ካልወረደ ግን ቆራጮቹ ማቆምን አያውቁም። የቆረጡትም በጠባሳ ይሞላል፣ ግድግዳው አቅም ያጣል፣ ልብም እንደ አሮጌ ስልቻ ይለጠጣል። ክፋት የለባቸውም እኮ። የሚያወፍሩትም የሚቆርጡትም ጌታቸውን ከጭነቱ ሊያድኑ ነው። ሰውን የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ጠላት ቢሆኑ ይረገሙ ነበር።

ሐኪሙ መርፌ ወጋው፣ በጠብታ የሚጠጣ መድኃኒትም ሰጣት። ሲወጡ አስተርጓሚው በሩ ላይ አስቁሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እቴ፣ ይህን በደንብ ስሚኝ። እብጠቱ ይወርዳል። የዳነ ይመስልሻል፤ አልዳነም። ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳያነሣ። አንዲት ሸክም ትበቃዋለች፤ ልቡ እንደቆመች ትቀራለች ብሏል።»

የሐኪሙን ቃል ለይርጋም ነገረችው፤ እንደተባለውም ሆነ። ወደ ጠበሉ ጎጆ ተመልሰው ሲሰነብቱ ውሃው በሽንቱ ወጥቶ አለቀ፤ እግሩ ሟሸሸ፣ እንቅልፍም ወሰደው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ዕቃውን ወንዝ ጣለችው። ወደ መንደር የተመለሱትም በዚያ ሳምንት ነው። እልልታው፣ ለቅሶው፣ «ጠበሉ ነው» ማለቷ ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

ወሬው ክንፍ አወጣ። ከአንበሳሜ ድረስ ሰው በሽተኛውን እየያዘ ወደ ገደሉ ይወርድ ጀመር። ዘነበች ቃሬዛ ባየች ቁጥር ቤቷ ትገባለች። ቢሆንም ባሏ አጠገቧ ነበር፤ እሳት ዳር ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል፣ ያሾፍባታል፣ ምሳውን ይበላል። ለዚህ ሲባል ውሸቱ አልከበዳትም።

ከዚያ ወንድሟ ካሳሁን መጣ።

ካሳሁን ከአርበኞቹ ጋር ጉና ላይ ነው የሚኖረው። በጠራራ ፀሐይ፣ ጠመንጃውን በጋቢ ሸፍኖ፣ እየሳቀ ገባ። አማቹን አገላብጦ ሳመው።

«ጋሼ ይርጋ! ይኸው ለዚህ በቁ አይደል? እኔማ ተዝካርዎን ልበላ ነበር።»

«ቀርቶብሃል» አለ ይርጋ። «ጠላውን ለራሴ ጠጣሁት።»

ተሳሳቁ። ከዚያ ካሳሁን ወደ እህቱ ዞሮ ነገሩን አመጣው።

«እታለም፣ እንግዲህ ሸክሟን ያድርሷትና እንረፍ።»

ዘነበች የምን ሸክም ብላ አልጠየቀችም። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ሥርዓት ነው። ጣሊያን መንገድ ላይ የሠራ ሰው ሁሉ፣ ተገዶም ይሁን ወዶ፣ ሲመለስ አንድ ስልቻ በሶ በገዛ ጫንቃው ጉና አውጥቶ ለአርበኞቹ ያስረክባል። «የንስሐ ሸክም» ይሉታል። በአህያ አይጫንም፣ ሌላ አይሸከምለትም። ያደረሰ ስሙ ይነጻል። ያላደረሰ ባንዳ ነው፤ ባንዳም ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው። የታመመ ሰው ብቻ እስኪድን ድረስ ይታገሡታል።

«ገና አልጠናም እኮ» አለች ዘነበች። «ትንሽ ብትታገሡት ምናለ።»

«እስከዛሬ ጓዶቼን ማን ያስታገሣቸው ይመስልሻል? 'ድንጋይ ሲያወጣላቸው ጉልበት ነበረው፣ ለእኛ ሲሆን ታመመ' ሲሉኝ ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ። በአንገቴ ነው የቆምኩላቸው። አሁን ጠበል አድኗቸዋል ተብሎ አገር እልል ካለ በኋላ ምን ልበል? አንችው አይደለሽም ወይ በታቦቱ ፊት የመሰከርሽ?»

ይርጋ የሚገምደውን ገመድ አስቀመጠ። «እሑድ አደርሳለሁ» አለ። «ሂድና ንገራቸው።»

ካሳሁን ሲወጣ ደስታ ፊቱ ላይ ነበር። አማቹን ከሞት ያተረፈ መስሎታል።

ዘነበች ያን ዕለት ከሰዓት አባ ገብረመድኅን ዘንድ ሄደች። ከመስቀላቸው ሥር ተንበርክካ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው፤ ደብረ ታቦርን፣ ሐኪሙን፣ መርፌውን፣ አንዲት ሸክም መባሉን። ሽማግሌው እየሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እኔ በስድስት ደብር ተአምር ብዬ አስተማርኩ» አሉ በመጨረሻ።

«ይፍቱኝ አባ። ብቻ አንዲት ቃል ይበሉልኝ። 'ገና ያመዋል' ይበሉልኝ፤ የእርስዎን ይሰማሉ።»

«ልጄ፣ የነገርሽኝ ንስሐ ነው፤ ከአፌ አይወጣም። 'አልዳነም' ብዬ ብናገር ግን ያ ሁሉ በሽተኛ ተሸክሞ የሚመጣ ሕዝብ ምን ይለኛል? ጠበል ገሚሱን ያድናል ልበል? እንዴት አልዳነም፣ እብጠቱ በምን ወረደ ብለው ቢመረምሩስ? መርምረው የደረሱበት ዕለት ያርዱታል።» መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳረፉ። «እጸልይለታለሁ።»

ፈርተው ነው። ለሕዝቡ፣ ለጠበሉ፣ ለይርጋም መፍራታቸው እውነት ነው፤ ለራሳቸውም ፈርተዋል። ዘነበች ይህን አይታ መስቀሉን ተሳለመችና ወጣች።

ቤት ስትመለስ በሶውን ይርጋ ራሱ ስልቻ ውስጥ እየሞላ አገኘችው። ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እንጥፋ» አለችው። «እብናት ቆላ እንውረድ። ማንም አያውቀንም።»

«በዚህ ትንፋሽ እብናት? የመጀመሪያው ዳገት ላይ ትቀብሪኛለሽ።» እጁን ከበሶው አውጥቶ አራገፈ። «ደግሞስ ብጠፋ ካሳሁን ምን ሊሆን ነው? በአንገቱ ነው የቆመልኝ።»

«ከስልቻው ታች ገለባ ላድርግበት፤ ይቅለልህ።»

«ፈትተው ያዩታል። ቢያዩ ገለባ አበላን ይላሉ። ተይ፣ ዘኑ።»

ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው። ሲያባብላት ቆየ። ሁለቱ ተማክረው የደረሱበት እንዲህ ነው፤ ስልቻውን እስከ መጨረሻው አፋፍ ዘነበች ትሸከመዋለች። አፋፉ ላይ ካለው ትልቅ ቋጥኝ ወዲያ፣ የአርበኞቹ ጠባቂ የሚያያትን ትንሽ መንገድ ብቻ ይርጋ ይይዘዋል። «ያችን ያህል ልቤም ታውቅልኛለች» አለ። ለማጽናናት ያለው ነው፤ እሷም የተጽናናች መሰለች።

እሑድ ማለዳ ከመንደር ሲወጡ ስልቻው ጫንቃው ላይ ነበር፤ ሰው ያያል። የመጀመሪያውን የባሕር ዛፍ ጥግ እንዳለፉ ዘነበች ነጥቃ ጀርባዋ ላይ አዘለችው። ስልቻው ከበዳት። ጉና ደግሞ ዳገት ብቻ ነው፤ ነፋሱም ፊት ይገርፋል። እሱ ባዶ እጁን ከኋላ ይከተላል፤ ባዶ እጁንም ቢሆን በየጥቂቱ ይቆማል፣ በዱላው ተደግፎ ትንፋሹን ይጠብቃል። እሷም ያረፈች አስመስላ ትጠብቀዋለች።

«አንች ሴትዮ» አለ አንድ ጊዜ፣ «ይህን ሁሉ ጉልበት ደብቀሽኝ ነው ለካ ውሃ ቅዳልኝ የምትይኝ።»

ሳቀች። እያለቀሰች ነው የሳቀችው፤ ከፊት ስለሆነች አላያትም። ገመዱ ትከሻዋን ልጦት ደም ወጥቶ ነበር። አልተሰማትም ማለት ውሸት ነው፤ ተሰምቷታል። ግን እሷን ባመማት ልክ እሱ የዳነ እየመሰላት ትወጣለች። ምነው መንገዱ እስከ መጨረሻው በተሰወረ፣ ምነው ጉም በወረደ እያለች ትለምን ነበር። ሰማዩ ግን ጥርት ብሎ ዋለ።

ከቋጥኙ ጀርባ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ የመሰለ ትንሽ አቀበት አለ፤ ጫፉ ላይ ጠባቂው ቆሞ ይታያል።

«አምጭ» አለ ይርጋ።

ዘነበች ስልቻውን አልለቀቀችም። «ልንገራቸው» አለች። «ልውጣና ሁሉንም ልንገራቸው። ወንድሜ ነው፣ ይሰማኛል።»

«ብትነግሪው ወንድምሽ የሚመልሰውን ታውቂያለሽ ወይ?»

አላወቀችም። ይርጋ ጣቶቿን ከገመዱ ላይ አንድ ባንድ አላቅቆ፣ ጎንበስ ብሎ ስልቻውን ጫንቃው ላይ አወጣው። ጉልበቱ አልከዳውም። አንገቱ ላይ ያለው የደም ሥር ጣት አክሎ ተገትሮ እያየችው ከኋላው ተከተለች። ጠባቂው አይቶ ወደ ኋላው በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ሰዎቹ ከየዋሻው ወጡ። «ኧረ ይርጋ! ኧረ ጎበዝ!» እያሉ አንዱ ድምፁን አፍኖ ይፎክር ጀመር። ካሳሁን ሊቀበለው ሲሮጥ ይርጋ በእጁ ከለከለው። ማንም እንዳይነካው፣ ሥርዓቱ እንዳይጎድል ነው። እመካከላቸው ደርሶ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ስልቻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አሳረፈው።

«እንካችሁ» አለ። «የቀረብኝ የለም።»

ከዚያ ስልቻውን ተደግፎ ተቀመጠ። ያረፈ መስሏቸው አንዱ ውሃ በቅል አመጣለት። ዘነበች ግን ገና ሲቀመጥ አውቃለች። ጩኸቷን ሲሰሙ ነው ሌሎቹ ወደ ፊቱ ያዩት።

የጣሊያን ጦር ከሥር ስለሚሰማ ልቅሶ አልተፈቀደም። ካሳሁን አፏን በጋቢው አፍኖ ይዟት ቆየ። መቃብሩን ቆፈሩ፤ የጉና መሬት ድንጋይ ስለሆነ ብዙ ደከሙ። አለቃቸው ባርኔጣውን አውልቆ «የእኛ ሰው ነበር፣ ስሙ ነጽቷል» አለ። ሰዎቹም አሜን አሉ። ዘነበች ይህን ሰምታ ትንሽ እንኳ ደስ አላላትም።

አፈር ከተመለሰ በኋላ እህትና ወንድም ብቻቸውን ተቀመጡ። ካሳሁን ፊቱ በአፈርና በእንባ ተበላሽቷል።

«ምን ነካቸው እታለም? ጠበል ያዳነው ሰው!»

ያን ጊዜ ነገረችው። ደብረ ታቦር መሄዳቸውን፣ የልቡን በር፣ የሐኪሙን ቃል፣ ስልቻውን እስከ ቋጥኙ እሷ መሸከሟን። ትከሻዋን ገልጣ አሳየችው። ካሳሁን እየሰማ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ወይኔ! ዋስ ሆኜ፣ ለምኜ፣ አዳንኳቸው ብዬ! ምነው እታለም፣ ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

ነፋሱ አዲሱን አፈር እያነሣ ይበትነዋል። ካሳሁን ወደ ጓዶቹ አየ፣ ወደ መቃብሩ አየ፣ እሷን ግን ማየት አልቻለም።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ጣሊያን ዘንድ ገብተው ነበር ሲባል ብሰማ... በሌላ እጅ አላስነካቸውም ነበር። እኔው እገድላቸው ነበር።»

ዘነበች ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። ጓዶቹ ወዲያ ማዶ ስልቻውን ፈተው በሶውን ይካፈሉ ነበር።